ጎፈሬና በራስ መተማመን፦ እውነት ወይስ ተረት?

ከታች ያሉት አባባሎች ውበት ሳሎን ውስጥ፣ ቡና ላይ፣ አንዳንዴም ከእናት አፍ የሚሰሙ ናቸው። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ሕፃን ልጅ ስለ ጸጉሯ ምን ታውቃለች?»

ተረት። ታውቃለች፤ ያውም ፊደል ሳትቆጥር። ኬኔት እና ሜሚ ክላርክ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ባልና ሚስት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ለሆናቸው ጥቁር ሕፃናት ሁለት ዓይነት አሻንጉሊት አቀረቡ። አንደኛዋ ቡናማ ቆዳና ጥቁር ጸጉር፣ ሌላዋ ነጭ ቆዳና ቢጫ ጸጉር ነበራት። «ጥሩዋ የትኛዋ ናት?» ሲባሉ አብዛኞቹ ነጯን አነሱ። የክላርኮች ሥራ በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በትምህርት ቤት ጥቁርና ነጭን መለየት ሕገ ወጥ ነው ባለበት ውሳኔ ላይ ተጠቅሷል።

ወደ እኛ የሚቀርበው ግን የ2010ሩ ታሪክ ነው። የሰሰሚ ስትሪት የልጆች ፕሮግራም ዋና ጸሐፊ ጆይ ማዛሪኖ ከኢትዮጵያ የወሰዳት የማደጎ ልጅ ነበረችው። ልጅቱ እንደ ባርቢ ረጅምና ዘርጋ ያለ ጸጉር ስትመኝ ሲያይ፣ ጸጉሯን እንደምትወድ የምትዘፍን ጥቁር አሻንጉሊት ያለችበት ዘፈን ጻፈላት። ዘፈኑን አይተው ያለቀሱት ግን ትልልቅ ሴቶች ነበሩ።

«ይሄ የአሜሪካ ጥቁሮች ጣጣ ነው፤ የእኛ ጸጉር ሉጫ ነው»

ይህም ተረት ነው፣ ያውም የሚጎዳ። ከአንድ እናት ልጆች አንዷ ዞማ፣ ሌላዋ ከርዳዳ ልትሆን ትችላለች፤ የቤተሰብ ፎቶ ማየት ይበቃል። ከእህቷ ጋር እየተነጻጸረች ያደገችው ልጅ ይህን ለማወቅ አሜሪካ መሄድ አላስፈለጋትም።

ደግሞም ጎፈሬ በዚህ አገር የክብር ምልክት ሆኖ ያውቃል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ጊዜ ዱር የገቡት አርበኞች ጸጉራቸውን አጎፍረው የተነሷቸው ፎቶዎች ዛሬም የድል ቀን በመጣ ቁጥር ይወጣሉ። አፄ ቴዎድሮስም ያለ ሹሩባቸው አይሣሉም። ወንዱ ሲያጎፍር ጀግና የሚባልበት፣ ሴቷ ስታጎፍር ግን «ምነው ሳታበጥሪ ወጣሽ?» የምትባልበት ምክንያት እስካሁን አልገባኝም።

ባሕር ማዶ ላሉት ነገሩ ይጠናል። ዋሽንግተን ወይም ሚኒሶታ ተወልዳ ያደገች ልጅ፣ ክፍል ውስጥ ጓደኞቿ ጸጉሯን እየነካኩ ሲያስቸግሯት፣ አክስቷ «አይዞሽ፣ ያንቺ እኮ የአበሻ ጸጉር ነው፤ እንደ ጥቁር አሜሪካውያኑ አይደለም» ብላ ታጽናናታለች። ማጽናኛው ሌላዋን ጥቁር ልጅ ረግጦ የቆመ ነው። ከዚያም ብሶ፣ የልጅቱ ጸጉር እውነትም ከርዳዳ ከሆነ አበሻነቷም አብሮ አጠራጣሪ ሆነ ማለት ነው።

«ሥራ ቦታ የሚታየው ችሎታ ነው እንጂ ጸጉር አይደለም»

ቢሆን ደስ ባለን። ክሪስቲ ኮቫል እና አሽሊ ሮዜት የተባሉ ተመራማሪዎች በ2020 ባሳተሙት ጥናት፣ ጸጉራቸውን በተፈጥሮው የተዉ ጥቁር ሴት አመልካቾች ከተተኮሱት ይልቅ ለሥራው የማይመጥኑ ተደርገው ተመዝነዋል። ልዩነቱ የጎላው አለባበስ በሚጠበቅበት በአማካሪ ድርጅት ሥራ ላይ ነው። በ2016 ደቡብ አፍሪካ ፕሪቶሪያ ውስጥ የአንድ ሴቶች ትምህርት ቤት ተማሪዎች ጎፈሬያቸውን በሚመለከት ደንብ ምክንያት ተቃውሞ ወጥተዋል። ካሊፎርኒያ በ2019 በጸጉር ዓይነት ሰውን ማግለልን የሚከለክል ሕግ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ቀድማ ያወጣችው፣ ችግሩ በሴቶቹ ሐሳብ ውስጥ ብቻ ስላልነበረ ነው።

ስለዚህ ለቃለ መጠይቅ ስትሄድ ፒያስትራ የምታስነካዋን ሴት «ራሷን የጠላች» ማለት ግፍ ነው። ሂሳቧን አስልታ ሊሆን ይችላል፤ ወይም በቃ እንደዚያ ደስ ይላታል።

«ወደ ተፈጥሮ ጸጉርሽ ተመለሺ እንጂ በራስ መተማመኑ በራሱ ይመጣል»

ግማሽ እውነት። ፐርሴፕሽን ኢንስቲትዩት የተባለ የአሜሪካ ተቋም በ2017 ባወጣው ጥናት፣ በተፈጥሮ ጸጉር ወዳጆች ስብስብ ውስጥ ያሉ ሴቶች ለከርዳዳ ጸጉር ከሌሎቹ የተሻለ በጎ አመለካከት አሳይተዋል። ግን ድፍረቱን ያመጣው ጎፈሬው ነው ወይስ ድሮም የማያፍሩት ናቸው ያጎፈሩት? እንዲህ ያለ ጥናት ሁለቱን አይለይም።

የመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚያሸማቅቁ ናቸው። አዲስ የሚበቅለው ሥሩ ተጠቅልሎ፣ ቀድሞ በኬሚካል የተዘረጋው ጫፉ ሉጫ ይሆንና መጋጠሚያው ላይ ይበጠሳል። ከዚህ ለመገላገል ሙልጭ አድርጋ የቆረጠችው ደግሞ ሌላ ፈተና አለባት። በእኛ አገር ሴት ጸጉሯን የምትቆርጠው ሐዘን ሲደርስባት ነበርና «ማን ሞተብሽ?» የሚላት አይጠፋም። መስተዋት ፊት ቆማ ቅር ቢላት አይፈረድባትም።

እኔ እንደማየው ስሜቱ የሚቃናው እጅ ሲለምድ ነው። ከርዳዳ ጸጉር የራስ ቆዳ ወዝ በጥቅልሉ ላይ ተንሸራትቶ ጫፉ ድረስ ስለማይደርስ ቶሎ ይደርቃል፤ ደርቆ ከተበጠረም ይሰበራል። እርጥብ አድርጎ፣ ቅባት አስነክቶ፣ ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ሥር መውጣት ነው ዘዴው። አያቶቻችን ቅቤውንም ሚዶውንም ያውቁ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ከካስክ ሥር ያደገች ሴት ግን የገዛ ጸጉሯን አያያዝ የሚያሳያት አላገኘችም። አንዲት ጎፈሬ ያላት የሥራ ባልደረባ ወይም ጎረቤት ካለቻት ደግሞ መንገዱ በግማሽ ይቀልላል።

«ሪላክሰር ቢበዛ ራስ ያቃጥላል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም»

በ2022 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪዎች 33,497 ሴቶችን 11 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የተከታተሉበትን ጥናት አወጡ። በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ እንደ ሪላክሰር ያለ የጸጉር ማለስለሻ ኬሚካል የተጠቀሙት በማሕፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ካልተጠቀሙት ከእጥፍ በላይ ነበር። እስከ 70 ዓመት ዕድሜ ሲሰላ 1.64 ከመቶ የነበረው ወደ 4.05 ከመቶ ይወጣል። ይህ ኬሚካሉ ለብቻው ካንሰር አመጣ ማለት አይደለም፤ ሳሎን ከመግባት በፊት ግን ሊታወቅ ይገባል።

«ከርዳዳ ጸጉር አያድግም»

ያድጋል። በቀን በአማካይ ሩብ ሚሊ ሜትር፣ በዓመት 9 ሳንቲ ሜትር ያህል። የአውሮፓውያን ጸጉር በቀን 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ ይፈጥናል፤ የእኛ ደግሞ እያደገ ይጠቀለላል፣ ካልተያዘም ጫፉ ይበጠሳል። «አያድግልኝም» ብላ ያለቀሰች ልጅ ካለች፣ እርጥብ እያለ አንዲቷን ጥቅል ይዞ ቀስ ብሎ ዘርግቶ በመስተዋት ማሳየት ነው፤ ከጆሮዋ በላይ የቆመው ጸጉር ትከሻዋ ላይ ሊደርስ ይችላል።