ተረትና እውነታ፦ «ሺማኖ ነው» ከተባለ ይበቃል?

መቀሌ ውስጥ ያገለገለ ኮርስ ብስክሌት ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «ሺማኖ ነው» የሚለውን ነው። ሻጩ ጎንበስ ብሎ የኋላውን ካምቢዮ (ማርሽ ቀያሪውን) በጨርቅ ይወለውልና ስሙን በጣቱ ያሳያል። ደላላው «አልቴግራ ነው፣ የፕሮ ዕቃ ነው» ብሎ ያጸናዋል። ገዢው፣ አብዛኛውን ጊዜ ለልጁ ወይም ለታናሹ የሚገዛ ሰው፣ በዚያች ስም ዋጋ ይቆርጣል።

ይህ ልማድ የቤተሰብ ቁጠባ ሲበላ ስላየሁ ከሌሎቹ ተረቶች ሁሉ አስቀድመዋለሁ። አንድ የማውቀው ልጅ፣ እህቱ ከደመወዟ ባጠራቀመችው ገንዘብ እንዲህ ያለ ብስክሌት ተገዛለት። ካምቢዮው በእርግጥም አልቴግራ ነበር። ካቴናው ግን አልቋል፣ የኋላ ጥርሱ ተበልቷል፣ ቸርኬው በፍሬን ሳስቷል፤ ቴላዮው ደግሞ በቁመት ከሱ በጣም ለሚበልጥ ሰው የተሠራ ነው። ልጁ ወገቡን እያመመው ጥቂት ሳምንት ነዳና ተወው። ብስክሌቱን የሸጡት ሰዎች ይህን ሁሉ አያውቁም ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

እምነቱ ከባዶ አልመጣም። በ1921 እ.ኤ.አ. በጃፓኗ ሳካይ ከተማ የተመሠረተው ሺማኖ የኮርስ ዕቃዎቹን በእርግጥ በደረጃ ይሠራል፦ ከታች ክላሪስ፣ ከዚያ ሶራ፣ ቲያግራ፣ 105፣ አልቴግራ፣ ከሁሉም በላይ ዱራ ኤስ። አዲስ ብስክሌት ከሆነ የካምቢዮው ስም ስለ ሌላው ዕቃ ጥቂት ፍንጭ ይሰጣል። ደግሞም መቀሌ የብስክሌት ከተማ ናት። የትራንስ ኢትዮጵያ ክለብ ልጆች መንገዱ ላይ ሲያልፉ ያየ፣ ፅጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በላምፕሬ ሜሪዳ ቡድን ማልያ የቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተወዳዳሪ ሲሆን የተከታተለ ሰው፣ እነሱ የሚነዱትን ስም ቢመኝ አይፈረድበትም።

ነገር ግን የኋላ ካምቢዮ ከቴላዮው ጋር የሚያያዘው በአንድ ቡሎን ነው። ቁልፍ የያዘ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ፈትቶ የተሻለ ስም ያለውን ይገጥምበታል። አዲስ ብስክሌት ላይም ቢሆን ርካሽ አምራቾች ዓይን የሚያርፍበትን ካምቢዮ ጥሩ አድርገው ወጪውን ከማይታየው፣ ማለትም ከኩሽኔታው፣ ከካቴናውና ከፍሬኑ ይቀንሳሉ። በእኛ ከተማ ሌላም ምክንያት አለ። በትግራይ ጦርነትና በእገዳው ጊዜ መለዋወጫ አይገባም ነበር፤ ነዳጅ ሲጠፋ ደግሞ ብስክሌት የሚፈልገው ሰው በዛ። ጠጋኞቻችን የአንዱን ዕቃ ከሌላው እያጋቡ ብስክሌቶቹን በሕይወት አቆዩ። ሙያቸው ሊመሰገን ይገባል። እንዲህ በተሠራ ብስክሌት ላይ ግን የአንዱ ዕቃ ስም ስለ ሌላው ምንም አይመሰክርም።

ደግሞስ ካምቢዮ ምን ይሠራል? ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ ያዛውራል፣ ያን ያህል ነው። ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ክላሪስ እንኳ የተያያዘበት ጆሮ ካልተጣመመና ካቦው አዲስ ከሆነ በትክክል ይቀይራል። የነጂውን ክብደት ተሸክመው የሚዞሩት ጎማዎቹና ኩሽኔታዎቹ ናቸው፤ ገንዘብ የሚበላውም የእነሱ ማለቅ ነው።

ስለዚህ ካምቢዮውን ትተው ካቴናውን ይለኩ። ለዚህ የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል። ካቴና ላይ ከአንዱ ፒን እስከ ቀጣዩ ፒን ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ የ20 ክፍል ርዝመት አዲስ ሲሆን 254 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 256 ከደረሰ አልቋል። ጉዳቱ በካቴናው አያበቃም። ፒኖቹ ሲበሉ ርቀቱ ይሰፋል፣ የኋላ ጥርሶቹም ከሰፋው ካቴና ጋር አብረው ይበላሉ፤ አዲስ ካቴና ብቻ ቢገዙ በተበሉት ጥርሶች ላይ እየዘለለ አያስነዳም። ሁለቱንም መግዛት ግድ ይሆናል።

ቀጥሎ የፔዳሉን ክንድ ይዘው ወደ ጎን ይነቅንቁት፤ ከተንቀጫቀጨ የመካከለኛው ኩሽኔታ ሄዷል። ጎማውን አንስተው ያሽከርክሩና ቸርኬው ከፍሬኑ ላስቲክ ያለው ርቀት ይቀያየር እንደሆነ ይመልከቱ። የማስመሪያውን ጠርዝ ፍሬኑ በሚይዝበት የቸርኬው ጎን ላይ ያስደግፉ፤ መሃሉ ገብቶ ብርሃን ካሳለፈ ቸርኬው ሳስቷል። ሻጩ ይህን ሲያደርጉ «ስሙን እያየህ ምን ትነካካለህ?» ብሎ ከተቆጣ ጥሎ መሄድ ነው።

ጀማሪ ሆኖ በአነስተኛ ገንዘብ ለሚገዛ ሰው ምክሬ ከኋላ 8 ወይም 9 ጥርስ (ባለ ጥርስ ክብ) ያለው ክላሪስ ወይም ሶራ ነው፤ ሁሉ ዕቃው ጤነኛ ሆኖ። የ8 ጥርስ ካቴና ውፍረቱ 7.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የ11 ጥርሱ ደግሞ 5.5 ገደማ። ቀጭኑ ዋጋው ይወደዳል፣ ማስተካከያውም ጥንቃቄ ይሻል። የ8 እና የ9 ጥርስ የኋላ ካምቢዮ ሲሰበር ግን የሺማኖ ማውንቴን ካምቢዮ እንኳ ሊተካው ይችላል። የኮርስ 11 ጥርስ በአሮጌው የጎማ መሃል ላይ ቦታ ስለማይበቃው አይገባም፤ አንዱን ለማሻሻል ሲሉ ጎማውን ሁሉ ወደ መለወጥ ይሄዳሉ።

«የፕሮ ዕቃ» የሚለው ማባበያ የሚደብቀው ሌላ ጉዳይም አለ፤ እሱም ማርሹ ነው። መቀሌ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ወደ ኩሓ የሚወጣው መንገድም ለማንም አይራራም። የቆየ የውድድር ብስክሌት ከፊት ትንሹ ክብ 39፣ ከኋላ ትልቁ 25 ጥርስ ሊኖረው ይችላል። በዚህ አንድ ሙሉ የፔዳል ዙር ብስክሌቱን 3.3 ሜትር ገደማ ያስኬዳል። ከፊት 34 ከኋላ 32 ከሆነ ግን 2.2 ሜትር ነው፤ ዳገቱ ላይ ጉልበት የሚተርፈው በዚህኛው ነው። ጉልበቱ ገና ያልጠና ልጅ በመጀመሪያው ስም ኮርቶ ጉልበቱን ያመዋል፤ በሁለተኛው ተቀምጦ ይወጣል።

የቀሩት ተረቶች ብዙ ቦታ አይሹም።

«ማርሹ ሲበዛ ይሻላል።» ሦስት ጊዜ ሰባት 21 ይሆናል፣ ሁለት ጊዜ ስምንት 16። ከ21ዱ ብዙዎቹ እርስ በርስ የሚደጋገሙ ናቸው። ርካሹ ባለ 7 ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በጎማው መሃል ላይ የሚጠመዘዝ ዓይነት ስለሆነ ኩሽኔታው ከዘንጉ ጫፍ ይርቃል፤ ዘንጉም ቶሎ ይጣመማል።

«ቀላሉ ሁልጊዜ ፈጣን ነው።» ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ለውድድር የፈቀደው ዝቅተኛ ክብደት 6.8 ኪሎ ነው። 60 ኪሎ የሆነ ልጅ 10 ኪሎ ብስክሌት ላይ ሲወጣ ጠቅላላው 70 ነው፤ ከዚህ 1 ኪሎ መቀነስ 1.4 በመቶ ብቻ ነው። ዳገት ላይ ለሚወዳደር ሰው ዋጋ አለው፣ አልክድም። የቤት ኪራይ የሚያህል ገንዘብ ግን አያወጣም።

«ያገለገለ ካርቦን ከአዲስ አልሙኒየም ይበልጣል።» ይህ የሚያስፈራኝ ነው። ካርቦን በምት ሲጎዳ ስንጥቁ ከቀለሙ ሥር ሊደበቅ ይችላል። በሳንቲም እየኮረኮሙ ድምፁን የሚያዳምጡ አሉ፤ የደነዘ ድምፅ ቢሰሙ ይተዉት፣ ጥርት ያለ ቢሰሙም ግን ደህና ነው ብዬ ለማንም ልጅ አልምልም። የፊት ሹካው በቁልቁለት ቢሰበር ሁለተኛ ዕድል የለም። ታሪኩን የማያውቁትን ካርቦን አይግዙ።

«ጎማ ሲቀጥንና ሲደርቅ ይሮጣል።» ለስላሳ አስፋልት ላይ እንኳ እስከ ልኩ ድረስ ብቻ ነው። የሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ ደግሞ እንደ ድንጋይ የተነፋ ቀጭን ጎማ ነጂውን እያነጠረ ጉልበቱን ያባክናል፣ ቸርኬውንም ይመታል። 28 ሚሊ ሜትር ጎማ መጠነኛ አየር ተነፍቶ ይሻላል። ከመግዛትዎ በፊት ግን በሹካውና በፍሬኑ ሥር ቦታ መኖሩን ይለኩ፤ ብዙ የቆዩ የኮርስ ቴላዮዎች ከ25 በላይ አያስገቡም።