ቬንቲሌተር የሚያቀዘቅዘው ማንን ነው?

በድሬዳዋ፣ በጋምቤላ ወይም በሰመራ ለተማረ ሰው የኮርኒስ ቬንቲሌተር ምን እንደኾነ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ደጋ ያደግነው ግን ነገሩን እንደ ጌጥ እናየዋለን፤ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሲዞር አይተን፣ ከሥሩ ቡናችንን ጠጥተን ወጥተናል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ቬንቲሌተር፣ ይልቁንም በሴንሰር እየተመራ ራሱን በራሱ ስለሚያበራውና ስለሚያጠፋው ዐይነት ጥቂት ለማስረዳት እሞክራለሁ። «የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ሽቦ ምን አገባው?» የሚል ወንድም ቢኖር፣ ሙቀት ፋኩልቲ አይመርጥም ብዬ እመልስለታለሁ።

ከኹሉ በፊት አንድ የተለመደ ስሕተት እናንሣ። ብዙ ሰው ከክፍሉ ሲወጣ ቬንቲሌተሩን እንደበራ ትቶት ይሄዳል፤ «ስመለስ ክፍሉ ቀዝቅዞ ይቈየኝ» ብሎ ነው። ክፍሉ ግን አይቀዘቅዝም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ይሞቃል። የተለመደው የኮርኒስ ቬንቲሌተር ከ70 እስከ 80 ዋት የሚደርስ ኀይል ይበላል። ይህም ኀይል አየሩን ካንቀሳቀሰ በኋላ ዞሮ ዞሮ ሙቀት ኾኖ እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀራል። ቬንቲሌተር ከውጭ ቀዝቃዛ አየር አያመጣም፤ ያለውን አየር ያማስለዋል እንጂ።

ታዲያ ከሥሩ ስንቀመጥ የሚሰማን ቅዝቃዜ ከየት መጣ? ከራሳችን ነው። ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ ሲያነብ እንኳ ሰውነቱ ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያመነጫል፤ ከቬንቲሌተሩ ከራሱ የሚበልጥ መኾኑን ልብ በሉ። ይህን ሙቀት ማስወጣት ካልቻለ ይታመማል። ቆዳችን ከ33 እስከ 35 ዲግሪ ገደማ ስለሚሞቅ፣ ከዚያ የቀዘቀዘ አየር ሲነካው ሙቀቱን ይወስድለታል። አየሩ ካልተንቀሳቀሰ ግን በቆዳችን ዙሪያ የሞቀና የላብ እንፋሎት የጠገበ ስስ የአየር ልብስ ይፈጠራል። የቬንቲሌተር ሥራ ይህን ልብስ መግፈፍ ነው። የሞቀውን አየር ያባርራል፣ ላቡንም ያደርቃል፤ ላብ ሲደርቅ ደግሞ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በእንስራ ያለ ውሃ በቆላ ምድር እንኳ የሚቀዘቅዘው በዚሁ ሕግ ነው፤ ሸክላው በጥቂቱ ያልበዋል፣ ነፋስም ያደርቅለታል። በሴኮንድ 1 ሜትር ገደማ የሚነፍስ አየር የክፍሉ ሙቀት በ3 ዲግሪ ያህል የቀነሰ ያስመስልብናል፤ ቴርሞሜትሩ ግን ከነበረበት ንቅንቅ አይልም።

እንግዲህ ቬንቲሌተር የሚያቀዘቅዘው ሰውን እንጂ ቤትን አይደለም። ከዚህ በታች የምለው ኹሉ የሚመነጨው ከዚህች ነገር ነው።

ሙቀትን እየለካ ራሱን የሚገዛ መሣሪያ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ኮርኔሊስ ድረበል የተባለ ሆላንዳዊ፣ የጫጩት መፈልፈያውን ሙቀት በሜርኩሪ መነሣትና መውረድ የሚቈጣጠር ብልሃት ሠርቶ ነበር። ለእኛ የሚቀርበን ግን የዋረን ጆንሰን ታሪክ ነው። ጆንሰን በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን፣ በዋይትዋተር የመምህራን ማሠልጠኛ አስተማሪ ነበረ። የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ የክፍሉን ሙቀት ለማየት በየጊዜው በር እየከፈተ ትምህርቱን ስላቋረጠበት፣ ክፍሉ ሲበርድ ምድር ቤት ምድጃ ለሚያነደው ሰው በኤሌክትሪክ ምልክት የሚሰጥ መሣሪያ ፈጠረ፤ እ.ኤ.አ. በ1883 የፈጠራ መብቱን አስከበረ። የዛሬው «ስማርት» የሚባለው ዕቃ ቅድመ አያት እንግዲህ የተወለደው በሌክቸር መካከል ነው። የኤሌክትሪክ የኮርኒስ ቬንቲሌተርም በዚያው በ1880ዎቹ ዓመታት ፊሊፕ ዲል የሚባል የጀርመን ተወላጅ፣ የልብስ ስፌት መኪና ሞተር ከኮርኒስ ላይ ሰቅሎ ክንፍ ቢያወጣለት በአሜሪካ ተጀመረ።

ኹለቱን ማጋባት ቀላል ይመስላል። ክፍሉ 28 ዲግሪ ሲደርስ ብራ፣ ሲቀዘቅዝ ጥፋ ማለት ብቻ ነውና። ብዙዎች በርካሽ የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ ነገሩ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። የጆንሰን መሣሪያ ለምድጃ ይስማማል፤ ምድጃ ሲነድ ክፍሉ ይሞቃል፣ ክፍሉ ሲሞቅ መሣሪያው «በቃኝ» ይላል። ኤር ኮንዲሽነርም እንዲሁ ነው፤ የሠራውን ሥራ ውጤት ቴርሞሜትሩ ላይ ያየዋል። ቬንቲሌተር ግን የክፍሉን ሙቀት ስለማይቀንስ የሥራውን ውጤት አያይም፣ አይጠግብምም። በቴርሞሜትር ብቻ የሚመራ ቬንቲሌተር ቀን በ28 ዲግሪ ይነሣና ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ለባዶ አልጋ ሲዞር ይውላል።

ሒሳቡን እንየው። 75 ዋት የሚበላ ቬንቲሌተር በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ በወር 22.5 ኪሎዋት ሰዓት በቆጣሪው ላይ ይጽፋል። ከ10ሩ ሰዓት 4ቱን ሰው በሌለበት ከዞረ 9ኙ ኪሎዋት ሰዓት በከንቱ ሄደ ማለት ነው። ብራሽ የሌለው ሞተር ያለው፣ ሻጮቹ ቢኤልዲሲ የሚሉት አዲሱ ዐይነት 30 ዋት ገደማ ብቻ ስለሚበላ፣ 10ሩንም ሰዓት ሲሠራ ወሩን ሙሉ የሚፈጀው ያንኑ 9 ኪሎዋት ሰዓት ነው።

ስለዚህ መሣሪያው ከሙቀቱ በፊት ሰው መኖሩን ማወቅ አለበት። ለዚህ የሚያገለግለው በጣም የታወቀው ሴንሰር ፒአይአር የሚባለው ነው። ነጭ የፕላስቲክ ጉልላት ያለው፣ በየባንኩና በየሆቴሉ ኮሪደር ግድግዳ ላይ የምናየው ማለት ነው። የሰው ገላ የሚረጨውን የማይታይ የሙቀት ጨረር ያያል፤ የሚያየው ግን ጨረሩ ከቦታ ቦታ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ለኮሪደር መብራት ይህ ይበቃል። ለተማሪ ግን አይኾንም! ለፈተና የሚያነብ ሰው ለፒአይአር ከወንበሩ አይለይም፤ የተኛማ ከናካቴው የለም። ቬንቲሌተሩ በየ10 ደቂቃው ይቆምበትና መጽሐፉን አስቀምጦ እጁን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ማወናጨፍ ይኾናል ሥራው።

ከፒአይአር የሚሻለው በሚሊሜትር ሞገድ የሚሠራው ትንሽ ራዳር ነው። የተኛ ሰው ሲተነፍስ ደረቱ ከፍና ዝቅ ማለቱን እንኳ ለይቶ ያውቃል። የራሱ ጉድ ግን አለው፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ኹሉ ሰው ይመስለዋል። መጋረጃ ሲወዛወዝ ሰው ነው ይላል። ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ፣ አቀማመጡ ካልታሰበበት የቬንቲሌተሩን ክንፍ ራሱን ሰው ነው ብሎ ማመኑ ነው። ያን ጊዜ ቬንቲሌተሩ ለራሱ እየነፈሰ ያድራል። ስለዚህ ከክንፉ ዝቅ ብሎ ግድግዳ ላይ፣ ፊቱን ወደ አልጋው አዙሮ ይሰቀላል፤ የሚያየውም ርቀት ይወሰንለታል።

የቀረው ክፍል ብዙ አያስቸግርም። ሙቀቱን የሚለካው ቴርሚስተር የምስር ፍሬ የምታህል ነገር ናት፤ ስትሞቅ ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሟ ይለወጣል፣ ከዚያ ለውጥ ዲግሪው ይሰላል። ቦታዋ ኮርኒሱ ሥር አይደለም፤ ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣልና ትዋሻለች። በአልጋ ከፍታ፣ ፀሐይ በማይመታው ግድግዳ ላይ ትኹን። የሚያስበው አካል ማይክሮኮንትሮለር ይባላል። ከነዚህ መካከል ስመ ጥር የኾነው አርዱዊኖ እ.ኤ.አ. በ2005 በኢጣልያ በኢቭሬያ ከተማ የተጀመረው ለኢንጂነሮች ሳይኾን ለዲዛይን ተማሪዎች ተብሎ ነው፤ የአርት ፋኩልቲ ልጆች ይህን ይያዙልኝ። ትእዛዙም አንድ ቁጥር ብቻ መኾን የለበትም። «በ28 ብራ፣ ከ28 በታች ጥፋ» የተባለ መሣሪያ ሙቀቱ በዚያች ቁጥር ዙሪያ ሲዋልል ብልጭ ድርግም እያለ ሞተሩን ይገድላል። «በ28 ብራ፣ በ26 ተኩል ጥፋ» ቢባል ግን ዐርፎ ይሠራል። ፍጥነቱን ለመቀነስ ደግሞ ለአምፖል የተሠራ ማደብዘዣ ከቬንቲሌተር ሞተር ጋር አይገናኝም፤ ሞተሩ ያጓራል፣ ይግላልም።

ሌሊቱ የራሱ ሥርዐት ያስፈልገዋል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ያስፈለገ ነፋስ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ያስነጥሳል፤ የውጩ አየርም የሰውነታችንም ሙቀት በዚያ ሰዓት ይወርዳሉና። መሣሪያው ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ ቢያወርድ እንቅልፍም ኀይልም ይተርፋል። ክንፉ በግማሽ ፍጥነት ሲዞር አየሩን ለመግፋት የሚያስፈልገው ኀይል ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። የተባረከ ሕግ ነው፤ ነገር ግን በአንዳንዱ የድሮ ሬጉሌተር ከተቀነሰው ኀይል ከፊሉ ግድግዳው ላይ ባለው ሣጥን ውስጥ ሙቀት ኾኖ ይባክናል። በጋምቤላ ደግሞ የወባ ነገር ስላለ አጎበር አይቀርም፤ አጎበሩም ነፋሱን ይሰብረዋል። ግድግዳው ላይ ያለው ሴንሰር ከአጎበሩ ውስጥ ያለውን ወበቅ አያውቅም፤ ስለዚህ ለዚያ አገር የተሰካው ቁጥር ለድሬዳዋ ከሚሰካው ሊለይ ይገባዋል።

ብሎኬት ቤትም ሌላ ጣጣ አለው። ቀኑን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይተፋዋል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ደጁ ቀዝቅዞ ውስጡ ምድጃ የሚኾነው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ከማንኛውም ቬንቲሌተር የሚበልጠው መስኮት ነው። አንድ ሴንሰር ከውስጥ፣ አንድ ከውጭ ይደረግና ውጩ ከውስጡ ሲቀዘቅዝ አንዲት አረንጓዴ መብራት ብትበራ ይበቃል፤ መስኮቱን የሚከፍት እጅ አለን። ኤር ኮንዲሽነር ያለውም ሰው ቢኾን ከ24 ይልቅ በ27 ዲግሪ አድርጎ ቬንቲሌተሩን ቢጨምርበት ያንኑ ምቾት ያገኛል። አንድ አነስተኛ ኤር ኮንዲሽነር ኮምፕረሰሩ ሲነሣ 1000 ዋትና ከዚያ በላይ እንደሚጐትት ማስታወስ ነው።

እስከ አሁን ያልነው ስለ ምቾትና ስለ ቆጣሪ ነበር። የሚከተለው ግን ስለ ሕይወት ነው። አየሩ ከቆዳችን ሲሞቅ ነገሩ ይገለበጣል፤ ነፋሱ ሙቀት መውሰዱን ትቶ ሙቀት ያመጣል። ያን ጊዜ የሚያድነን የላቡ መድረቅ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲኾን በቬንቲሌተር አትመኩ፣ ሰውነትን ያሞቃል ብሎ የሚመክረው ስለዚህ ነው። ይህ ለአገራችን የሩቅ ወሬ አይደለም። በዳሎል እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተለካው የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር፤ ቀንና ሌሊት፣ በጋና ክረምት ተደምሮ ማለት ነው። በአፋር ቆላ በሙቀቱ ወራት 40 ዲግሪን ማለፍ የተለመደ ነው። «ሙቀት ሲጨምር ፍጥነት ጨምር» የምትል ያቺ ቀላል ትእዛዝ በዚህ ቦታ ክፉ ትእዛዝ ትኾናለች። በተለይ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ላባቸው ስለሚቀንስ፣ ልጃቸው ከከተማ ገዝቶ የላከላቸው መሣሪያ ትኩስ አየር በሙሉ ፍጥነት ሲያወርድባቸው ሊውል ይችላል። በደንብ የታሰበ መሣሪያ ከ40 ዲግሪ በላይ ዝም ብሎ ከመዞር ይልቅ ደወል ይደውላል፤ ውሃ ጠጡ፣ እርጥብ ጨርቅ ልበሱ፣ ከቆርቆሮው ሥር ውጡና ጥላ ፈልጉ የሚል ደወል። ይህን የሚያደርግ ፕሮግራም ለመጻፍ ከኹለት መስመር በላይ አይፈጅም። እቃውን የሚሠሩልን ሰዎች ግን የሚያስቡት ብዙ ጊዜ 32 ዲግሪ ስለሚያማርረው ደንበኛ ነው።

ስለ ኢንተርኔትም አንድ ቃል ልናገር። በገበያ ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ለመብራትና ለመጥፋት ባሕር ማዶ ያለ ኮምፒዩተር መጠየቅ ይፈልጋሉ። መስመር ሲቋረጥ ፈዘው ይቀራሉ። መብራት ሄዶ ሲመለስም የተነገራቸውን ረስተው በሙሉ ፍጥነት የሚነሡ አሉ፤ ጨርሶ የማይነሡም አሉ። እኔ በበኩሌ ከራሴ በላይ ለሚዞር ክንፍ ከሩቅ አገር ፈቃድ መጠየቅ አይዋጥልኝም። የሚያስበው አካል እዚያው ክፍል ውስጥ ይኹን፤ መብራት ሲመለስ ምን ማድረግ እንዳለበትም አስቀድሞ ይነገረው።

በመጨረሻ የዶርሙ ጥያቄ አለ። በአንድ ክፍል ስድስት አልጋ፣ አንድ ቬንቲሌተር፣ አንድ ማብሪያ። ከክንፉ ትክክል ሥር የተኛው ይበርደዋል፣ ጥግ ያለው ይቃጠላል፣ ጉንፋን የያዘው ይለምናል። ሴንሰር ይህን ክርክር ያስቀራል የሚሉ አሉ። አያስቀረውም። ሴንሰሩ የሚለካው የተሰቀለበትን ቦታ ሙቀት ነው፤ 28 የምትለዋን ቁጥር ያስገባው ደግሞ ሰው ነው። ያ ሰው የክፍሉ ነዋሪ ካልኾነ፣ ቀድሞ በሩ አጠገብ ያለው ልጅ ይወስን የነበረውን አሁን የማናውቀው ሰው ወሰነልን ማለት ነው። ስለዚህ በዶርም እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚገባ ከኾነ ቁጥሮቹን የክፍሉ ልጆች ተነጋግረው ያስገቡ፤ በወረቀትም ተጽፈው በሩ ላይ ይለጠፉ። የግድግዳው ማብሪያም አይነቀል፤ ሽቦው 220 ቮልት ስለኾነ ሥራው ለኤሌክትሪሺያን ይሰጥና፣ ማብሪያው ሲጫን ከሴንሰሩ ትእዛዝ በላይ እንዲኾን ተደርጎ ይዘርጋ።