ድምፁ የት ገባ?

«ቪዲዮና ድምፅ አስገብቻለሁ» የሚል ሁሉ አስገብቷል ማለት አይደለም። አንዲት እህታችን ሟች አባቷ በስልክ የተቀዱትን ምርቃት ከፎቶዎቻቸው ጋር በፓወር ፖይንት አቀናበረች። ለሙት ዓመታቸው ቤተ ዘመድ በተሰበሰበበት ልታሰማ ፋይሉን በፍላሽ ገልብጣ ሄደች። ፎቶው ወጣ፤ ድምፁ ግን ጭጭ! እናትየው «እስቲ ድጋሚ ንኪው ልጄ» ቢሉም ወይ ፍንክች። «ድምፁ የት ገባ?» ስትል ጠየቀችኝ።

የትም አልገባም፤ ድሮም ፋይሉ ውስጥ አልነበረም! ድምፅ በሁለት መንገድ ይገባል። ወይ ራሱ ሰነዱ ውስጥ ይከተታል፣ ወይ ያለበት አድራሻ ብቻ ይያዛል። አድራሻ ብቻ ከሆነ እናንተ ኮምፒዩተር ላይ ያለ ችግር ይሠራል፤ ሰው ቤት ሲሄድ ግን ሰነዱ የሚፈልገውን ያጣል። ከፓወር ፖይንት 2010 በፊት የነበሩት ቪዲዮን የሚይዙት በአድራሻ ነበር፤ ድምፅም ቢሆን አብዛኛው እንደዚያው። ከዚያ ወዲህ የወጡት «ሊንክ ቱ ፋይል» የሚለውን ካልመረጣችሁ በስተቀር ራሱን ይከታሉ።

ታዲያ የተከተተበት ፋይል ይወፍራል። ጂሜይል ደግሞ ከ25 ሜጋባይት በላይ አያይዞ አይልክም። እኔ ብሆን ሁሉንም ወደ ኤምፒ4 ቪዲዮ እለውጠዋለሁ፤ ከ2013ቱ ጀምሮ ያለው ፓወር ፖይንት ይህን ይችላል። ውጭ አገር ያለ ዘመድም በስልኩ ያየዋል።

አንቺ ግን እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ዋናውን ቅጂ ከስልክሽ ሌላ ሁለት ቦታ ገልብጪ። ስልክ ይሰረቃል፣ ውሃ ውስጥ ይወድቃል። ከዚያ ድምፁን እንደገና ክተቺና ፋይሉን መጀመሪያ በጎረቤት ኮምፒዩተር ክፈቺው።