የሞተረኛ ጥሩር

ጥሩር። ቃሉ ሦስት ፊደል ብቻ ነው። ጥ፣ ሩ፣ ር። በድሮ ዘመን ጦረኛ ደረቱንና ጀርባውን ከጦርና ከቀስት ለመከላከል የሚለብሰው የብረት ልብስ ጥሩር ይባል ነበር። ቃሉ በመጽሐፍ ቅዱስም ውስጥ ስላለ ሽማግሌዎች ያውቁታል። ዛሬ በጦርና በቀስት የሚዋጋ የለም። ነገር ግን ጥሩር የሚያስፈልገው ሰው ዛሬም ዘመሮ ውስጥ አለ። እሱም ሞተረኛው ነው።

ሞተር ሳይክል ወደ ገጠራችን ከገባ ወዲህ ብዙ ነገር ቀሏል። የጤና ባለሙያው በሞተር ይመጣል። የግብርና ባለሙያው በሞተር ይሄዳል። ጎረምሳው ሰው እያፈናጠጠ ገንዘብ ያገኛል። በገበያ ቀን ሁለት ሰውና አንድ በግ በአንድ ሞተር ላይ ተጭነው አይተናል። በጉ መሐል ነበር። መንገዱ ግን ያው ኮረኮንች ነው። ጠጠሩ ያንሸራትታል፤ በክረምት ጭቃው ይይዛል፤ ጉም ሲወርድ ደግሞ አሥር እርምጃ ርቆ ያለው ድንጋይ አይታይም።

ታዲያ ሞተረኞቹን «ደረትህን ምን ይጠብቅልሃል?» ብለን ስንጠይቅ ብዙዎቹ የሚሰጡን መልስ አንድ ነው። «በርኖስ ለብሻለሁ፣ ምን እሆናለሁ?» ይሉናል።

በርኖስን አንነቅፍም። የመንዝ በግ ፀጉር ባይኖር ኖሮ የመንዝን ብርድ ማን ይችለው ነበር? ባናውም ያሞቃል። ገሳውም ዝናብ ያፈስሳል። ሁሉም የየራሱ ሥራ አለው። ግን ማሞቅ አንድ ሥራ ነው፤ መመከት ሌላ ሥራ ነው። አንድ እንቁላል በጋቢ ጠቅልላችሁ በመዶሻ ብትመቱት ይሰበራል። ጋቢው ለስላሳ ነው እንጂ ምቱን ወደ ጎን አይበትነውም። በጋቢው ላይ ጠንካራ ሳንቃ ብታደርጉና ሳንቃውን ብትመቱት ግን ነገሩ ይለያል። መዶሻው ያረፈበት ቦታ ትንሽ ቢሆንም ሳንቃው ምቱን ለብዙ ቦታ ያከፋፍለዋል፤ ጋቢው ደግሞ ከሥር ሆኖ ያበርደዋል። የሞተረኛ ጥሩር የሚሠራው በዚህ ዓይነት ነው። ከላይ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ከሥር ምት የሚያበርድ ወፍራም ስፖንጅ አለው። አንዳንዱ ፕላስቲክ የለውም። ስፖንጁ ራሱ በእጅ ሲነኩት ለስላሳ ሆኖ፣ ድንገት ሲመታ የሚጠነክር ነው።

ከሞተር የወደቀ ሰው ሁለት ዓይነት ጉዳት ያገኘዋል። አንደኛው መገሽለጥ ነው። ሰውነቱ በጠጠር ላይ ሲንሸራተት ቆዳው ይላጣል። ይህንን የሚከላከለው ወፍራም ጃኬት ነው። የኳስ ማልያ የመሰለ ስስ ናይሎን ግን በፍትጊያው ሙቀት ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሁለተኛው ጉዳት ምት ነው። ሰውዬው ከድንጋይ፣ ከመሬት ወይም ከራሱ ሞተር መሪ ጋር ይላተማል። ጥሩር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ደረታችን ውስጥ ምን አለ? ልብና ሳምባ አሉ። የሚጠብቋቸው በሁለት ጎን የተደረደሩ 24 የጎድን አጥንቶች ናቸው። ከጎድን አጥንቶቹ ግርጌ በቀኝ ጉበት፣ በግራ ጣፊያ ይገኛሉ። ጉበትና ጣፊያ ደም የሞላባቸው ናቸው። ከተተረተሩ ደሙ ወደ ሆድ ውስጥ ይፈስሳል እንጂ በውጭ አይታይም። በጀርባ በኩል ደግሞ አከርካሪ አለ። በውስጡ የሚያልፈው ነርቭ ከተቆረጠ እግር አይታዘዝም።

የፍጥነትን ነገር በቁጥር እንየው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተረኛ ሄዶ በደረቱ ቋጥኝ ቢመታ፣ ከ6 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ገደል እንደ መውደቅ ይቆጠራል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ከሆነ 14 ሜትር ይደርሳል። ፍጥነቱ የጨመረው በግማሽ ነው፤ ገደሉ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ።

አሁን ወደ ጥሩሩ እንመለስ። ሁሉም ጥሩር እውነተኛ አይደለም። በአውሮፓ የወጣ መለኪያ አለ፤ ቁጥሩም 1621 ነው። ከቁጥሩ ኋላ ሰረዝ ተደርጎ ሌላ ቁጥር ይከተላል። 1621-1 ከሆነ ለትከሻ፣ ለክርን፣ ለጉልበትና ለመሳሰሉት ነው። 1621-2 ለጀርባ ነው። 1621-3 ለደረት ነው። ቁጥሩ የሚጻፈው በጃኬቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በውስጡ በገባው መከላከያ ላይ ነው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ከኪሱ አውጥቶ ማንበብ ይገባል። የውጭ ፊደል የማያነብ ሰው እንኳ ቁጥሩን ያነበዋል። እናንተም ቁጥር ማንበብ ችላችኋል።

የጀርባው መከላከያ እንዴት እንደሚፈተን እንንገራችሁ። 5 ኪሎ የሚመዝን ብረት ከ1 ሜትር ገደማ ከፍታ ይለቀቅበታል። ከሥር ያለው መሣሪያ ምን ያህል ግፊት እንዳለፈ ይለካል። ያለፈው ግፊት በአማካይ ከ18 ኪሎ ኒውተን ካልበለጠ አንደኛ ደረጃ ይባላል። ከ9 ካልበለጠ ሁለተኛ ደረጃ ይባላል። ኪሎ ኒውተን የግፊት መለኪያ ነው። በእኛ አነጋገር 18ቱ ለቅጽበት 18 ኩንታል እህል እንደ መጫን ያህል ነው፤ 9ኙ ደግሞ 9 ኩንታል። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። አንደኛ ስለተባለ የተሻለ ይመስላል። አይደለም። የተሻለው 2 የሚል የተጻፈበት ነው።

አስተዋይ አንባቢ ይህን ይጠይቃል፦ «ፈተናው ከ1 ሜትር፣ ቋጥኙ ከ6 ሜትር! ታዲያ ምን ዋጋ አለው?» ጥያቄው ተገቢ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሞተረኛ ሲወድቅ በደረቱ ቋጥኝ አይመታም። ሞተሩ ከሥሩ ይንሸራተታል፤ እሱም ከተቀመጠበት ከፍታ መሬት ላይ ይወድቅና ይንከባለላል። ከመቀመጫው እስከ መሬት 1 ሜትር ገደማ ነው። ፈተናው ይህን ይመስላል። ቋጥኝ ወይም አይሱዙ ፊት ለፊት የመታውን ሰው ግን ጥሩር ብቻውን አያድነውም። እዚያ ላይ የሚያድነው ቀድሞ ፍሬን መያዝና ፍጥነትን መቀነስ ነው። ይህን ሳይናገር ጥሩር የሚሸጥላችሁ ነጋዴ ካለ ግማሹን እውነት ደብቋችኋል።

ጥሩር የሚመስሉ ሌሎች ነገሮችም አሉ። ብርሃን ሲያርፍበት የሚያብለጨልጨው ቢጫ ሰደርያ ጥሩር አይደለም። መኪና ነጂው እንዲያያችሁ ይረዳል፤ መልካም ነው፤ ምት ግን አይመክትም። በጭቃ ሜዳ የሞተር ውድድር የሚለበሱ ትልልቅ የፕላስቲክ ደረቶችም አሉ። ብዙዎቹ የተሠሩት ከፊት ያለው ጎማ የሚወረውረውን ጠጠር ለመመለስ ነው፤ ቁጥሩ ከሌለባቸው ለመውደቅ አይታመኑም። በተራ ጃኬት ጀርባ ኪስ ውስጥ የሚገባው ስስ ስፖንጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቦታ መሙያ ነው። የቆዳ ጃኬትም ቢሆን ይለያያል። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦ ስስና ለስላሳ ስለሆነ ለጓንት በዓለም ይፈለጋል። ያው ስስነቱ ግን በጠጠር ላይ ሲንሸራተት ቶሎ ያስቀድደዋል። ለሞተረኛ የሚመረጠው ወፍራም የከብት ቆዳ ነው።

በዚህ ጉዳይ በአንድ ቤት የተነሣ ክርክር ሰምተናል። ልጁ ሞተረኛ ነው። ጥሩር ልግዛ ብሎ አባቱን አማከረ። አባት ተቆጡ። ወደ እኛም ዞረው «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ። ለስፖንጅ ሙክት ይሸጣል እንዴ?» አሉን። እኛ መልስ ስናወጣና ስናወርድ ቡና የምታፈላው እህቱ ቀደመችን። «አባባ፣ ሞተሩንስ በስንት ሙክት ገዛነው?» አለች። አባት ሳቁ እንጂ እሺ አላሉም።

እኛ ከልጁ ጎን ነን። ግን ቅደም ተከተል አለው። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ የራስ ቁር ይቀድማል። ሄልሜት የምንለው ማለት ነው። የሀገራችን የትራፊክ ደንብም ያዘዋል። ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ጽሑፍ የራስ ቁር የሞት አደጋን ከመቶ 42፣ የራስ ጉዳትን ከመቶ 69 እንደሚቀንስ ተገልጿል። ጥሩር ይህን ያህል የሚያኮራ ቁጥር የለውም። ቢሆንም ዋጋ ቢስ አይደለም። በአውስትራሊያ አደጋ የደረሰባቸው 212 ሞተረኞች ተጠንተው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። የሞተር ጃኬት የለበሱት ሆስፒታል የመተኛታቸው ዕድል ካለበሱት በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ነበር። ጃኬቱ መከላከያ የተገጠመለት ሲሆን ደግሞ የላይኛው የሰውነት ክፍል ጉዳት ቀንሶ ተገኝቷል። ከ10 ጃኬቶች 3 ያህሉ ግን በአደጋው ተበላሽተው ነበር። የሞተር ጃኬት ተብሎ መሸጡ ብቻ አይበቃም ማለት ነው።

በሰለጠነው ዓለም ደግሞ በአየር የሚነፋ ጥሩር መጥቷል። ሰደርያ ይመስላል። ከሞተሩ ጋር በገመድ ይታሰራል። ሰውዬው ሲወድቅ ገመዱ ይጎተትና ትንሽዋ የጋዝ ጠርሙስ ትከፈታለች፤ ሰደርያው በቅጽበት ተነፍቶ ደረትን፣ ጀርባንና አንገትን ይደግፋል። ገመድ የሌለው፣ መውደቁን በኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚያውቅ ዓይነትም አለ። ሞቶ ጂፒ በሚባለው የዓለም ውድድር እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በአየር የሚነፋ መከላከያ የሌለው አይወዳደርም። ጠርሙሷ ግን አንዴ ከተከፈተች ትለወጣለች። የምትለወጠውን ከየት እናገኛለን? ለጊዜው ለእኛ ስፖንጁና ፕላስቲኩ ይሻለናል።

የተገዛው ጥሩር በአግባቡ ካልተለበሰ ጥቅም የለውም። ሰውነት ላይ ጥብቅ ማለት አለበት። ከላላ ሲወድቁ ይዞርና የሚመታውን ቦታ ገልጦ ይተዋል። ስለዚህ ከሸሚዝ በላይ ይለበሳል፤ ጃኬቱ ከእሱ በላይ ይሆናል። ለእኛ ደጋ ደግሞ አንድ ልዩ ማሳሰቢያ አለን። ሲመታ የሚጠነክረው ስፖንጅ ብርድ አይወድም። ውርጭ ሲመታው አስቀድሞ ይደርቃል፤ ያኔ ምቱን የማብረድ ኃይሉ ይቀንሳል። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ብርድ ላይ የተፈተነ ዓይነት አለ፤ ይህ ለመንዝ ጥሩ ነው። የሌለው ሰው በኅዳርና በታኅሣሥ ጥሩሩን ሞተሩ ላይ አስሮ ውጭ አያሳድረው። ከቤት ያሳድረው፣ ጠዋት ለብሶት ይውጣ። ከባድ አደጋ ያገኘው ጥሩር ደግሞ ምንም ደህና ቢመስል መለወጥ አለበት።

በርኖሱስ? ብርዱ ካስቸገረ ከላይ ይደረብ፤ ግን ወገቡ ላይ ይታሰር። የጋቢና የነጠላ ጫፍ ወደ ኋላ ጎማ ወይም ወደ ካቴናው ከገባ ሰውን ከነልብሱ ጎትቶ ይጥላል። ከኋላ የሚፈናጠጡ እናቶች በተለይ ነጠላቸውን ጠቅልለው ይቀመጡበት። ነጂው ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ዞር ብሎ «እማማ፣ ነጠላዎን ይሰብስቡ» ቢል ምንም አይጎዳውም። የተፈናጠጠው ሰውም ደረትና ጀርባ እንዳለው መዘንጋት የለበትም። ነጂው ጥሩር ለብሶ መንገደኛውን በሸሚዝ ሲያፈናጥጥ ስናይ ግራ ይገባናል።

አሁን ጥሩር ስለማይሸፍነው ቦታ እንናገር። ጥሩር ሆድን እምብዛም አይሸፍንም። ሲወድቁ የመሪው ጫፍ ሆድን ወይም ጎንን ይወጋል። ሰውዬው ይነሣል፤ አቧራውን ያራግፋል፤ «ደህና ነኝ» ይላል። ደም አይታይም። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን ፊቱ ይገረጣል፤ ያልበዋል፤ ውኃ ይጠማዋል፤ ራሱን ያዞረዋል። ሆዱ ይጠነክራል፤ አንዳንዴም የግራ ትከሻው ይታመማል። ትከሻው ሳይመታ መታመሙ የጣፊያ መተርተር ምልክት ሊሆን ይችላል። ይህን ሰው ሆስፒታል እንጂ መኝታ አያድነውም። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ስለሚችል ምግብም ውኃም አይሰጠው። ጀርባዬን ወይም አንገቴን አመመኝ ካለ፣ ወይም እግሩ ከደነዘዘ፣ ደግፋችሁ አታስቀምጡት፤ በሌላ ሞተር ላይም አታፈናጥጡት። አምቡላንስ ይጠራ። አምቡላንስ ካልደረሰ ጠፍጣፋ ሳንቃ ባለው ቃሬዛ፣ አንገቱ ሳይዞር ሰው ሁሉ ተረዳድቶ ይሸከመው። ጥሩሩን ለማውለቅ አትታገሉ፤ ባለሙያው ያወልቀዋል።

ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሙ የሚጠይቀው ብዙ ነው። አብሮት የሄደው ሰው አደጋውን ላያይ ይችላል። ስለዚህ ያየ ሰው በቁራጭ ወረቀት ጽፎ በኪሱ ይክተትለት። አራት መስመር ይበቃል። እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፦

ከሞተር ወደቀ።
ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበር።
መሪው ግራ ጎኑን መታው።
ከወደቀ በኋላ ውኃም ምግብም አልቀመሰም።