ዲዲቲ ቆመ፤ ልጆቻችንስ?

በአባያና በጫሞ ሐይቆች ዙሪያ ያደገ ሰው ወባን በሚገባ ያውቃታል። በአገራችን ለአሥርተ ዓመታት የቤት ግድግዳ በዲዲቲ የተረጨው በእርሷ ምክንያት ነው። የብዙዎችን ሕይወት ማትረፉ አይካድም። ነገር ግን የወባ ትንኝ መድኃኒቱን ስለተላመደችው እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ በሌሎች ኬሚካሎች ተተካ።

ታዲያ የቀረ ነገር ዛሬ ለምን ይነሳል? ዲዲቲ ቶሎ ስለማይጠፋ ነው። በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። በውኃ እምብዛም አይሟሟም፤ በስብ ውስጥ ግን ይጠራቀማል። በሐይቅ ውስጥ ካሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ወደ ትንሽ ዓሣ፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲያልፍ መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል። ከእናት ገላም በጡት ወተት ወደ ሕፃኑ ይደርሳል። በጅማና በአካባቢዋ ከተሞች ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ዲዲቲን በእናቶችም በላሞችም ወተት ውስጥ አግኝቷል።

ሕፃናት ከአዋቂዎች ይልቅ ይጋለጣሉ። ከክብደታቸው አንጻር ብዙ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይተነፍሳሉ። መሬት ላይ ይድኻሉ፤ አቧራ የነካ እጃቸውን ወደ አፋቸው ይከታሉ። አንጎላቸውም ገና በማደግ ላይ ነው።

እናቶች ሆይ፣ ይህን ሰምታችሁ ጡት ማጥባት እንዳታቆሙ! የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 6 ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ እንዲሰጥ ይመክራል። ጥቅሙ ከስጋቱ ይበልጣል።

ታዲያ ምን እናድርግ? እ.ኤ.አ. በ2001 የጸደቀውና ኢትዮጵያም የተቀበለችው የስቶክሆልም ስምምነት ዲዲቲ ለእርሻ እንዳይውል ይከለክላል። ስለዚህ በጓዳ የተረፈ ካለ በአትክልት፣ በእህል ጎተራ ወይም ለቅማል በልጆች ራስ ላይ አይደረግ። ወንዝ ውስጥ አይጣል፤ አይቃጠልም፤ የግብርና ባለሙያ ይጠየቅ። የመድኃኒት ዕቃ ታጥቦም ቢሆን ውኃ ወይም ዘይት አይያዝበት። ከሙዝ ወይም ከጥጥ እርሻ የሚመለስ አባት ልጁን ከማቀፉ በፊት ይታጠብ፤ ልብሱንም ይቀይር።

በአርባ ምንጭ ዙሪያ ያሉ የጥጥ ገበሬዎች ጠቃሚ ነፍሳትን ወደ ማሳቸው በመሳብ መርዝ መቀነስን ተምረዋል። ይህም መንገድ እንዳለ ያሳያል።

የዛሬው የወባ ርጭት ሲመጣ ግን በር አንዝጋ፤ አሁን የሚረጩት ኬሚካሎች እንደ ዲዲቲ ለብዙ ዓመታት አይቆዩም፤ ወባም ዛሬም ሕፃናትን ትገድላለች። በየአጥቢያችን እናቶች ሲሰበሰቡ ይህን እንነጋገርበት፤ ብዙው ጥንቃቄ ገንዘብ አይጠይቅምና።