ደምሴ ሀብቴ

ፕሮፌሰር ደምሴ ሀብቴ ኢትዮጵያዊ የሕፃናት ሐኪም፣ ተመራማሪና የሕክምና መምህር ሲሆኑ፣ በይበልጥ የሚታወቁት በሕፃናት ጤናና በተቅማጥ በሽታ ዙሪያ በሠሩት ሥራ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ዲን፣ በባንግላዴሽ የዓለም አቀፉ የተቅማጥ በሽታ ምርምር ማዕከል ዳይሬክተር እንዲሁም የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ መሥራች ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል።

የሥራ ዘመን

ደምሴ ሀብቴ በአዲስ አበባ የሕፃናት ሕክምናን አስተምረዋል፤ ተመራምረዋልም። እ.ኤ.አ. በ1973 ከስዊድናዊው የሕፃናት ሐኪም ጎራን ስተርኪና ከሌላ ተመራማሪ ጋር ሆነው፣ የኢትዮጵያ ሕፃናት በወተት ውስጥ ያለውን ላክቶስ የተባለ ስኳር መፍጨት የሚሳናቸው ስለመሆኑ ጥናት አሳትመዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዳካ የሚገኘውን የምርምር ማዕከል መርተዋል። ከዚያም በዓለም ባንክ በጤና ባለሙያነት ሠርተዋል። የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ በ2010 ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ተቅማጥ፣ ጨውና ኩላሊት

ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ከውኃ ጋር ሶዲየም፣ ፖታሺየምና ባይካርቦኔት ያጣል። እነዚህ ኤሌክትሮላይት የሚባሉት ንጥረ ነገሮች የልብን ምት፣ የጡንቻንና የነርቭን ሥራ ይቆጣጠራሉ። ሚዛናቸውን የሚጠብቀው ኩላሊት ነው። ይሁን እንጂ የጨቅላ ሕፃን ኩላሊት ሽንትን የማወፈርና ውኃ የመቆጠብ አቅሙ ከአዋቂ ያነሰ ነው። የሰውነት ፈሳሽ ሲጎድል ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ይቀንሳል፤ ሽንት ያንሳል፤ ፈሳሹ በጊዜ ካልተተካ ኩላሊቱ ድንገት ሥራ ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ቀድሞ ጤናማ የነበረ ኩላሊት በተቅማጥ ብቻ ሊጎዳ ይችላል።

የዳካው ማዕከል ድርሻ

ማዕከሉ በ1960 የኮሌራ ምርምር ላቦራቶሪ ሆኖ ተመሠረተ፤ በ1978 ዓለም አቀፍ ተቋም ሆነ። በ1960 አሜሪካዊው ሮበርት ክሬን ግሉኮስና ሶዲየም በትንሹ አንጀት ግድግዳ ተያይዘው እንደሚያልፉ አስረዳ። የሁለቱ ማለፍ ውኃንም ያስከትላል። በ1968 ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ የሚጠጣ የስኳርና የጨው ውሕድ ለኮሌራ ሕሙማን በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ 80 ከመቶ ያህል እንደሚቀንስ በዚያው አሳዩ። በ1971 ሕንዳዊው ዲሊፕ ማሃላናቢስ ውሕዱን በስደተኞች ካምፕ በስፋት ተጠቀመበት። ደምሴ ሀብቴ የመሩት ማዕከል ይህን የምርምር ታሪክ የያዘ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2002 ጀምሮ የሚመክረው ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ውኃ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 2.9 ግራም ሲትሬትና 1.5 ግራም ፖታሺየም ክሎራይድ ይዟል።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ያለው ፋይዳ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተሞች ሆስፒታሎች ቢኖሩም፣ በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች ለሚኖር ቤተሰብ ቅርብ የሆነው ጤና ኬላው ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኦአርኤስና ዚንክ የሚሰጡት እዚያ ነው። የዚንክ እንክብሉ ተቅማጡ ቢቆምም ለ10 ቀን ይቀጥላል። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሕፃን የኩላሊት እጥበት ሊያስፈልገው ይችላል፤ ይህ አገልግሎት ግን በአገሪቱ በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ብቻ የሚገኝ ነው። ስለዚህ በቤትና በጤና ኬላ የሚጠጣው ፈሳሽ ኩላሊትን ከጉዳት የሚጠብቅ የመጀመሪያ ሕክምና ነው።

አሠራሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአንድ ሊትር ፓኬት በግማሽ ሊትር ውኃ ቢበጠበጥ የሶዲየሙ መጠን እጥፍ ስለሚሆን ሕፃኑን ይጎዳዋል። ውኃው ሲበዛ ደግሞ ጨው አንሶ ፈውስነቱ ይቀንሳል። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። የእናት ጡትም አይቋረጥም። ዓይኑ የሰረጎደ፣ መጠጣት ያቃተው፣ የፈዘዘ ወይም ሽንት ያቆመ ሕፃን ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።