ከገዳዩ ስም በኋላ፦ የከሚሴ የሸኾች ችሎት

ኤች ቢ ኦ አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2016 «ፑስቲና» የተባለ ባለ8 ክፍል የቼክ ድራማ አቅርቦ ነበር። ታሪኩ የሚፈጸመው በአንዲት ትንሽ መንደር ነው። ከመንደሯ ሥር የድንጋይ ከሰል አለ፤ አንድ የማዕድን ኩባንያም ቦታውን ከነቤቱ ገዝቶ ሊቆፍረው ይፈልጋል። ነዋሪው እንሽጥና አንሽጥ በሚል ለሁለት ተከፍሏል። ሽያጩን አጥብቃ የምትቃወመው ሐና የመንደሯ ከንቲባ ናት። በዚህ መሃል ልጇ ትጠፋለች። ያን ጊዜ ጎረቤት ጎረቤቱን በዓይነ ቁራኛ ማየት ይጀምራል፤ ለዓመታት ተሸፋፍኖ የኖረው ገበናም አንድ በአንድ ይወጣል።

አውሮፓውያን ይህን የድራማ ዓይነት ይወዱታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው የእንግሊዙ «ብሮድቸርች»ም በባሕር ዳርቻ ሞቶ በተገኘ የ11 ዓመት ልጅ ይነሳል። የሚመረምሩት ሁለት ፖሊሶች ናቸው፦ አንዱ ከሌላ ቦታ የመጣ፣ ሌላዋ የአገሩ ሰው። ድራማዎቹ የሚጨልሙት ደም ስለሚፈስባቸው ብቻ አይደለም፤ ተጠርጣሪው ትናንት ቡና አብሮን የጠጣ ሰው ስለሆነ ነው። አብዛኞቹ የገዳዩን ስም እስኪናገሩ ትንፋሽ ያስይዙናል፤ ስሙ እንደታወቀ ግን ያልቃሉ። «ብሮድቸርች» በሁለተኛው ምዕራፉ እስከ ፍርድ ቤት ይዘልቃል። የሟችና የገዳይ ቤተሰቦች በዚያው መንደር፣ በዚያው መንገድ ከዚያ በኋላ እንዴት ይኑሩ የሚለውን ጥያቄ ግን ይህ ዓይነቱ ድራማ እምብዛም አይደፍረውም።

መንደሩን በሙሉ መጠርጠር ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ፖሊስ ጣቢያ በየወረዳው ከመቆሙ በፊት ሌባ ሲሰርቅ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ሲገደልና አድራጊው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ለአፈርሳታ ወይም ለአውጫጭኝ ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። ሁሉም እየማለ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፤ ጥቆማውን ያመጣው ሰው ስሙ እንዳይታወቅ «ወፍ» ይባላል። ወንጀለኛው ካልተገኘ ደግሞ የጠፋውን ንብረት ሕዝቡ አዋጥቶ የሚከፍልበት ጊዜ ነበር። ሌባ ሻይ የሚባለውም ነበር። በእሱ መድኃኒት የጠጣ ልጅ በገመድ እየተመራ ይሄድና የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ይህኛው ስንቱን ንጹሕ ሰው እንዳስቀጣ ማሰብ ያስፈራል፤ መቅረቱ መልካም ነው። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝኛ የጻፉት «አፈርሳታ» የተሰኘ ልብ ወለድ በጉራጌ አገር የአንድ ሰው ጎጆ ከተቃጠለ በኋላ መንደርተኛው ተሰብስቦ የሚያደርገውን ምርመራ ይተርካል። የመንደር ወንጀል ምርመራ በሥነ ጽሑፋችን ቦታ ካገኘ እንግዲህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ወደ ከሚሴ የምወስዳችሁ ግን ገዳዩን ለማግኘት አይደለም። ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በቦርከና ወንዝና በጨፋ ሜዳ አጠገብ ትገኛለች። በዞኑና በዙሪያው ኦሮሞ፣ አማራ፣ አርጎባና አፋር ይገናኛሉ፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ ይገበያያል። እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ይቆማል። ገበያውን ማንሳቴ በምክንያት ነው። እዚህ አገር ሰው ሲሞት ጠቡ በገዳይና በሟች መካከል ብቻ አይቀርም። የገዳይ ወንድምም፣ የአጎቱ ልጅም ደመኛ ይሆናል። ደመኛ ደግሞ ገበያ አይወጣም፣ ከብት ውኃ አያወርድም፣ ለቅሶ አይደርስም። ገዳዩ ታስሮ ሳለ እንኳ ዘመዶቹ ቀያቸውን ጥለው ሊሰደዱ ይችላሉ። ደም መመለስ አለብኝ ብሎ የሚያድግ ልጅም በሟች ቤት አለ።

ይህን ለማስቆም በአካባቢው የቆየ ሥርዓት አለ። ተመራማሪዋ መሮን ዘለቀ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት በዞኑ ያለውን የሸኾች ችሎት በዝርዝር አስተዋውቀዋል። ችሎቱ በሱፊ ሸኾች የሚመራ ሲሆን የነፍስ ግድያን የመሰለ ከባድ ጉዳይ ሳይቀር ይመለከታል። ጥናቱ በተለያዩ ብሔሮችና ሃይማኖቶች መካከል የሚነሳ ጠብን በመፍታት ያለውን ድርሻ፣ እንዲሁም የሴቶችን ቦታ ይመረምራል። በወሎ በሰፊው የሚታወቁት አባጋሮችም አሉ። አባጋርነት በአብዛኛው በዘር የሚወርድ የአስታራቂነት ኃላፊነት ነው።

አካሄዱ የፖሊስ ምርመራ ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። ፖሊስ ማስረጃ ሰብስቦ የሚክደውን ያጋልጣል። ሽማግሌው ግን የሚፈልገው አድራጊው ራሱ «አዎ፣ እኔ ነኝ» እንዲል ነው። ያለ እምነት ቃል እርቅ የለም። ሐሰተኛ መሐላ ልጅና ከብት ይፈጃል ተብሎ ስለሚፈራ፣ በዱዓ ፊት ቆሞ መካድ ለብዙዎች ከእስር የከበደ ነው። ከዚያ አስታራቂዎቹ በሁለቱ ወገኖች መካከል ይመላለሳሉ። የሟች ወገን እስኪበርድለት ድረስ የገዳይ ወገን ከዓይኑ ዘወር ይላል። ኦሮምኛው ጉማ የሚለው የደም ካሣ ይቆረጣል፤ ከብት ይታረዳል፤ ደም ይደርቃል። በመጨረሻም ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ገበታ ይቀርባሉ። ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው። ለእኔ ትልቁ ድራማ እዚህ ላይ ነው፦ ልጇን ያጣች እናት የገዳይን እናት ፊት ለፊት የምታይበት ሰዓት።

ይህ ሁሉ መንግሥትን አይተካም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ለባህልና ለሃይማኖት ዳኝነት የፈቀደው በተከራካሪዎቹ ስምምነት የግልና የቤተሰብ ጉዳይን ነው፤ ነፍስ ግድያ የመደበኛው ፍርድ ቤት ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። እስር ቤቱ ሰውየውን ይቀጣል፤ ደሙን የሚያደርቁት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን መሄዳቸውን እደግፋለሁ። ሆኖም እርቁ ላይ ጥያቄ ማንሳት ተገቢ ነው። ካሣውን የሚከፍለው መላው ዘመድ ሲሆን፣ ምንም ያላደረገ ምስኪን ገበሬ በሬውን ሊያጣ ይችላል። የሟች ሚስት በልቧ ይቅር ሳትል ወንዶቹ «ታርቀናል» ብለው ሊያጨበጭቡባት ይችላሉ። እንዲህ ያለው እርቅ ቂሙን ወደ ጓዳ ያስገባዋል እንጂ አያጠፋውም።

አካባቢው በቅርብ ዓመታት በግጭት ብዙ ተጎድቷል። በታጠቁ ኃይሎች መካከል የሚነሳን ጦርነት ሁለት ቤተሰብ በሚያስታርቅ ሥርዓት ብቻ ማብረድ አይቻልም። ሥርዓቱን ማወቅና መጠበቅ ግን ከምንጊዜውም በላይ ያስፈልጋል፤ ደመኛን ከአንድ ገበታ ማቅረብ የሚያውቁ ሰዎች በየቦታው አይገኙምና።

የቴሌቪዥን ድራማዎቻችን አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ ሳሎን አልወጡም። የወንጀል ታሪክ የምትጽፉ ደራስያን ከሚሴ ውረዱ። ኦሮምኛውንም አማርኛውንም በቦታው ስሙ። ሽማግሌዎቹን አስፈቅዱ፤ የታረቁ ቤተሰቦችን ስምና ቁስል ግን አትንኩ። የገዳዩን ስም በመጀመሪያው ክፍል ንገሩን፤ የቀሩትን ክፍሎች ለእርቁ ስጡት።